ንጹሕ ውሃ የበላው ኤልቦ፦ በሰሪ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ በ1986 የደረሰ የቧንቧ ስብራት የጉዳይ ጥናት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 9 ቀን 1986፣ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በጄምስ ወንዝ ዳር በሚገኘው የሰሪ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሁለተኛው ክፍል በሙሉ ኃይሉ ይሠራ ነበር (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ፣ ከሦስቱ የእንፋሎት ማመንጫ ጋኖች ከአንዱ የሚወጣውን እንፋሎት የሚያሳልፈው ዋና ቫልቭ ሳይታዘዝ ተዘጋ። በጋኑ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ወረደ፤ የመከላከያ መሣሪያውም እንደታቀደው ሬአክተሩን አጠፋው። እስከዚህ ድረስ የሆነው ነገር ኦፕሬተሮች የሠለጠኑበትና መመሪያ የተጻፈለት ዓይነት መቋረጥ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ግን፣ በተርባይን አዳራሹ ውስጥ ወደ አንደኛው የውሃ መጋቢ ፓምፕ የሚገባው የ18 ኢንች ቧንቧ ኤልቦው፣ ማለትም መታጠፊያው ላይ ፈነዳ።

የፈነዳው ክፍል ከቧንቧው ግድግዳ ላይ ተገንጥሎ የወጣ፣ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የብረት ቁራጭ ነበር። ቁራጩ ተወርውሮ ከላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ኬብል መደርደሪያ ላይ አረፈ። ቧንቧው ራሱ በሚወጣው ውሃ ግፊት ከቦታው ተገፍቶ ሁለት ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ የሁለተኛውን ፓምፕ መውጫ ቧንቧ ተደግፎ ቆመ። በአካባቢው ሥራ ላይ የነበሩ 8 ሠራተኞች በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ተቃጠሉ፤ ከእነርሱ መካከል 4ቱ ሞቱ። ኦፕሬተሮቹ ፓምፖቹን በእጅ እስኪያቆሙ ድረስ ወደ 30,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ110,000 ሊትር በላይ ውሃ ወጥቷል።

ስለዚህ አደጋ ስናነብ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የተሰበረው ቧንቧ ጨረር ካለበት ክፍል ጋር የማይገናኝ፣ በማንኛውም የድንጋይ ከሰል ወይም የጋዝ ማመንጫ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት የመጋቢ ውሃ ቧንቧ ነበር። ሬአክተሩም ያለችግር ቆሟል። ሰዎቹን የገደለው ሙቅ ውሃ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኒውክሌር ኃይል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የካርቦን ብረት ቧንቧና ሙቅ ውሃ ባሉበት ሁሉ የሚያገባን ነው፤ እኔም የመረጥሁት ስለዚህ ነው።

የተገኘው ብረት

ከአደጋው በኋላ የቧንቧው ቁርጥራጮች ተሰብስበው ሲለኩ ምክንያቱ ለመታወቅ ብዙ አልፈጀም። ኤልቦው ሲሠራ የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነበር። በተሰበረበት አካባቢ ግን ብረቱ በሰፊው ሳስቶ፣ በጣም በሳሳበት ትንሽ ስፍራ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ስንጥቅ አልነበረም፤ የብየዳ ጉድለትም ሆነ የፋብሪካ ስሕተት አልታየም። ብረቱ ለዚህ ሥራ የተለመደው ተራ የካርቦን ብረት ነበር፤ የክሮሚየም ይዘቱም በጣም አነስተኛ ነበር። ይህ አነስተኛነት በኋላ ስንመለስበት ዋና ነገር ሆኖ ይገኛል።

በአማርኛ «ዝገት» ስንል ቀይ ብናኝ፣ የሚፈረፈር ቅርፊት፣ እጅ የሚያቆሽሽ ነገር በዓይነ ሕሊናችን ይመጣል። በኤልቦው ውስጠኛ ገጽ ላይ ይህን የመሰለ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ገጽ ጥቁርና ንጹሕ ሆኖ፣ በላዩ ላይ ጣት ሲያልፍበት የሚሰማ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንንሽ ጎድጓዳ ነጠብጣቦች የሞሉበት ይሆናል። ቧንቧውን የከፈተ ሰው በመጀመሪያ እይታ «ይህስ ደኅና ነው» ሊል ይችላል። ከውጭም ቢሆን ቧንቧው በሙቀት መከላከያ ተሸፍኖ፣ ምንም ሳያንጠባጥብ 13 ዓመት ያህል አገልግሏል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው አባባል ለወንዝ የተነገረ ቢሆንም፣ ለዚህ ቧንቧ የበለጠ የሚስማማ ቃል አላገኘሁለትም።

ውሃው ምን ዓይነት ነበር

አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ወደ ፊት መሄድ አይቻልም፤ ውሃው ለምን በላው? በጣቢያው የሚዞረው ውሃ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር። ጨውና ማዕድን ወጥተውለታል። ተራ ዝገትን የሚያመጣው ኦክስጂን ተወግዶ ከቢሊዮን 4 እጅ ያህል ብቻ ቀርቶበታል። የአሲድነቱ ልክ ማለትም ፒኤቹ ከ8.8 እስከ 9.2 ባለው መካከል እንዲቆይ ተደርጎ ወደ አልካሊነት ያዘነበለ ነበር። በመጽሐፍ የተጻፈውን ለሚከተል የቦይለር ኬሚስት ይህ ጥሩ ውሃ ነው። ችግሩም ከዚህ ጥሩነት ይጀምራል።

ሙቅ ውሃ የካርቦን ብረትን ሲነካ በብረቱ ገጽ ላይ ማግኔታይት የሚባል ቀጭን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ይፈጠራል። ብረቱን የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ይሁንና ማግኔታይት ኦክስጂን በሌለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ይሟሟል። የሟሟውም መጠን እንደ ሙቀቱ ይለያያል፤ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ውሃው ቢቆም ኖሮ ከብረቱ አጠገብ ያለው ስስ የውሃ ንብርብር በሟሟው ብረት ይጠግብና መሟሟቱ ይቆማል። ውሃው ግን አይቆምም። ከመካከል የሚመጣው፣ ብረት ያልያዘ፣ «የተራበ» ውሃ በግድግዳው አጠገብ የተሰበሰበውን የሟሟ ብረት እየጠረገ ይወስደዋል። ሽፋኑ ከላይ በሚሟሟበት ፍጥነት ከታች ከብረቱ አዲስ ሽፋን ይፈጠራል፤ ለአዲሱ ሽፋን የሚሆነውን ብረት የሚሰጠው ደግሞ የቧንቧው ግድግዳ ነው። ሽፋኑ ሁልጊዜ አለ፤ ሁልጊዜም ስስ ነው፤ ግድግዳውም ሁልጊዜ ይሳሳል።

መሐንዲሶች ይህን በፍሰት የሚፋጠን ዝገት ይሉታል። በዚያ ዘመን «የመሸርሸር ዝገት» የሚለው ስም ይበዛ ነበር፤ ስሙም ብዙ ሰው አሳስቷል ብዬ አምናለሁ። መሸርሸር ሲባል አሸዋ ወይም የውሃ ጠብታ ብረቱን እየመታ ሲፍቀው ይታሰባል፤ እንዲህ የሚያስብ ሰው አሸዋም ጠብታም የሌለበትን ጥርት ያለ ፈሳሽ ውሃ አይጠረጥርም። በሰሪ የሆነው ግን ከጥርት ያለ ፈሳሽ ውሃ የመጣ ኬሚካላዊ መሟሟት ነው፤ የፍሰቱ ድርሻ የሟሟውን መውሰድ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ውሃው ጥቂት ኦክስጂን ቢይዝ ኖሮ ገጹ ላይ የሚፈጠረው ሽፋን በጣም የማይሟሟ ሌላ ዓይነት ኦክሳይድ ስለሚሆን ብረቱ በተሻለ ይጠበቅ ነበር። ዝገትን ለመከላከል ኦክስጂንን እስከ መጨረሻው ማስወገድ፣ ለሌላ ዓይነት ዝገት በር ከፍቷል ማለት ነው። ይህን ስል ኦክስጂን ይጨመር ማለቴ አይደለም፤ የእንፋሎት ማመንጫ ጋኖቹ ቱቦዎች በኦክስጂን የሚጎዱበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ማለት የምፈልገው፣ አንድን ክፍል የሚጠብቀው ኬሚስትሪ ሌላውን ክፍል ሊያጋልጥ እንደሚችል የውሃ ክፍሉና የቧንቧ ክፍሉ አብረው ሊያውቁት ይገባል ነው።

የክሮሚየም ነገር ደግሞ እዚህ ይገባል። በብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም በሽፋኑ ውስጥ ስለሚገባ መሟሟቱን ይቀንሰዋል። ከመቶ 1 እጅ ያህል ክሮሚየም ያለው ብረት ከዚህ ዓይነቱ ጥቃት ከሞላ ጎደል ነፃ ነው፤ ከመቶ አንድ አሥረኛ እጅ እንኳ ልዩነት ያመጣል። ለካርቦን ብረት ግን ዝቅተኛ የክሮሚየም መጠን አይታዘዝም፤ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በአጋጣሚ የገባው ያህል ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጎን ለጎን የተበየዱ፣ በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ኤልቦዎች አንዱ ሲሳሳ ሌላው ምንም ሳይሆን ሊገኝ ይችላል። «ያኛውን ለካነው፣ ደኅና ነው» ማለት ስለዚኛው ምንም አይነግርም።

ለምን ኤልቦው ላይ

ቀጥ ባለ ቧንቧ ውስጥ ውሃ በግድግዳው አጠገብ ይዘገያል፤ በመካከል ይፈጥናል። ወደ መታጠፊያው ሲደርስ ግን መካከል ላይ ያለው ፈጣን ውሃ በራሱ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ ስለሚፈልግ ወደ ኤልቦው ውጭኛ ጎን ይገፋል። በግድግዳው አጠገብ ያለው ዘገምተኛ ውሃ ደግሞ በቧንቧው ዙሪያ ተንሸራቶ ወደ ውስጠኛው ጎን ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ፍሰቱ እየሄደ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ጥምዝምዞች ይፈጥራል። ጥምዝምዞቹም የተራበውን ውሃ ከመካከል እያመጡ ግድግዳው ላይ ያሳርፉታል፤ የጠገበውን ደግሞ እየጠረጉ ይወስዱታል። ኤልቦው አጭር ከሆነ በውስጠኛው ጎን ፍሰቱ ከግድግዳው ተላቅቆ ሁከት ሊፈጥር ይችላል። የብረቱ መጥፋት በመታጠፊያ ላይ የሚበዛው እዚህ ስፍራ ውሃው የበለጠ ስለሚፍቅ ሳይሆን የሟሟው ብረት በፍጥነት ስለሚወሰድ ነው።

የሰሪው ኤልቦ ከዚህም የባሰ ሁኔታ ነበረበት። ውሃው ከ24 ኢንቹ ዋና ቧንቧ ወደ 18 ኢንቹ የሚገባው ሦስት አፍ ባለውና የ«T» ቅርጽ በያዘ የቲ መገጣጠሚያ ሲሆን፣ ከቲው እንደወጣ ወዲያውኑ ወደ 90 ዲግሪው ኤልቦ ይገባ ነበር። ቲው ራሱ ፍሰቱን አጥፎ፣ አሽከርክሮ፣ አውኮ ይለቀዋል። አንድ የታወከ ፍሰት እንዲረጋጋ የቧንቧውን ስፋት ብዙ ጊዜ የሚያህል ቀጥ ያለ ርዝመት ያስፈልገዋል፤ እዚህ ግን አልነበረም። ሁከት በሁከት ላይ ተደረበ። ውሃው በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ እየፈጠነ፣ በ188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሄዳል። በዚህ ሙቀት ውሃ በጣም ቀጭን ስለሚሆን የፍሰቱን ሁከት የሚገልጸው የሬይኖልድስ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል።

ሙቀቱን ያየ አንባቢ ከፍተኛው መሟሟት ከ150 ዲግሪ በታች ነው ብለህ ሳለ 188 ለምን እንዲህ አጠፋ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሙቀቱ ብቻውን አይወስንም ነው፤ ፍጥነቱ፣ የመታጠፊያው ቅርጽ፣ የኦክስጂኑ ማነስ፣ የፒኤቹ ልክና የክሮሚየሙ እጥረት እያንዳንዳቸው በሌላው ላይ ይባዛሉ። አንዱ ከከፋው ደረጃ ትንሽ ቢርቅም ሌሎቹ ሊያካክሱት ይችላሉ። በአንድ መለኪያ ብቻ «ይህ መስመር ከአደጋው ክልል ውጭ ነው» ብሎ ከዝርዝር ማውጣት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጫናው የት ደረሰ

በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ25 ባር በላይ ነበር። ለስሌት ያህል 30 ባር እንውሰድና የግድግዳውን ውጥረት በተለመደው ቀላል ስሌት፣ ግፊቱን በቧንቧው ስፋት አባዝቶ ለውፍረቱ እጥፍ በማካፈል እንመልከት። ግድግዳው 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውጥረቱ 54 ሜጋፓስካል ነው፤ ይህ ብረት መለጠጥ የሚጀምረው 240 ሜጋፓስካል አካባቢ ስለሆነ ከአራት እጥፍ በላይ መተማመኛ አለ። ግድግዳው ሳስቶ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ውጥረቱ 274 ይሆናል፤ ብረቱ መለጠጥ ጀምሯል ማለት ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ላይ ከ570 ያልፋል፤ ብረቱ የሚበጠሰው ግን 415 አካባቢ ነው። በዚህ ትንሽ ስፍራ ላይ ብረቱ ቀድሞ ያልፈነዳው በዙሪያው ያለው ወፈር ያለ ግድግዳ ስለደገፈው ነው። ዙሪያውም ሲሳሳ ድጋፉ አለቀ፤ ሬአክተሩ ሲቆም በፍሰቱ ላይ የመጣው ለውጥ ጥቂት ግፊት ቢጨምር በቂ ነበር።

ቀዳዳ ተከፍቶ ውሃ ቢያንጠባጥብ ኖሮ ሰው ያየው ነበር። በዚህ ዓይነት ዝገት ትልቁ አደጋ ግን ይህ ምልክት አለመኖሩ ነው። እንደ ነጥብ የሚበሳ ዝገት አስቀድሞ ያፈስሳል፤ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። በፍሰት የሚፋጠነው ግን ሰፊ ገጽን በአንድነት ስለሚያሳሳ ቧንቧው ሳያፈስስ በአንድ ጊዜ ይቀደዳል። ከተቀደደ በኋላ የሚሆነውም ከባድ ነው። በ188 ዲግሪ ያለ ውሃ ወደ ተራ አየር ሲወጣ ስድስተኛው እጅ ያህል በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም እንፋሎት ደግሞ ከአንድ ሜትር ኩብ ተኩል በላይ ቦታ ይይዛል። ከዚያ አዳራሽ ለመውጣት ጊዜ አልነበረም።

እንፋሎቱ የሄደበት መንገድ

ከስብራቱ በኋላ የሆነው ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ በአጭሩ ልንገረው። የወጣው ውሃና እንፋሎት ወደ እሳት ማጥፊያ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ገብቶ የካርቦን ዳይኦክሳይድና የሃሎን ጋዝ ማጥፊያዎች ያለ እሳት እንዲለቀቁ አደረገ። የጣቢያውን በሮች የሚከፍተው የመታወቂያ ካርድ አንባቢ በውሃ ርሶ በመበላሸቱ የበር መቆጣጠሪያው በሙሉ ተስተጓጎለ። የጥበቃ ሬዲዮው ማስተላለፊያ በተለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅዝቃዜ በበረዶ ተሸፍኖ ሥራውን አቆመ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበሩ አንዳንድ ሠራተኞች የትንፋሽ ማጠርና የማዞር ስሜት አደረባቸው። አንድ ኤልቦ ሲቀደድ የተጎዱ ሰዎችን ለመድረስና ጣቢያውን ለመቆጣጠር የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አብረው ይታወካሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የማርች 1987 ማሳሰቢያ ይህንኑ ጉዳይ ለብቻው አንሥቷል።

ለምን ሳይለካ ቀረ

እኔ በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል ይህ ነው። የቧንቧ ውፍረት ከውጭ በአልትራሳውንድ መለካት በ1986 አዲስ ነገር አልነበረም፤ መከላከያው ይገለጣል፣ ገጹ ይጸዳል፣ ጄል ይቀባል፣ መለኪያው ይደረጋል፣ ቁጥር ይነበባል። ኃይል ማመንጫዎችም ቧንቧ ይለኩ ነበር። ይለኩ የነበሩት ግን እንፋሎትና ውሃ ተቀላቅለው የሚሄዱባቸውን መስመሮች ነበር፤ እዚያ የሳሱና የተቀደዱ ቧንቧዎች ታይተው ስለነበር። ፈሳሽ ውሃ ብቻ የሚሄድበት መስመር ከአደጋ ነፃ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ በመሆኑም ይህ ኤልቦ ከተገጠመበት ቀን አንሥቶ እስከ ተቀደደበት ቀን ድረስ ማንም አልለካውም። መመሪያ የጣሰ ሠራተኛ መፈለግ እዚህ ላይ አይጠቅምም። መመሪያው ራሱ ያላየው ስፍራ ነበር።

የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በጁላይ 1987 ሁሉም ጣቢያዎች የቧንቧዎቻቸውን ውፍረት ሁኔታ እንዲያሳውቁ ጠየቀ። በዚያው ዓመት በኦሪገን ግዛት የትሮጃን ጣቢያ ለነዳጅ ቅየራ በቆመበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት ስፍራ ላይ ዋናው የመጋቢ ውሃ ቧንቧ እጅግ ሳስቶ ተገኘ፤ ሳይታይ ቢቀር በሚቀጥለው የሥራ ዘመን ከተፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ይወርድ ነበር። የሳሳው ደግሞ ቀጥ ያለው ክፍል ነው። ኤልቦን ብቻ መፈተሽ እንደማይበቃ ይህ አሳየ። በሜይ 1989 ኮሚሽኑ እያንዳንዱ ጣቢያ የማያቋርጥ የቁጥጥር ሥርዓት እንዲኖረው የሚያስገድድ ደብዳቤ አወጣ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋሙም የትኛው ስፍራ በቅድሚያ መለካት እንዳለበት የሚተነብዩ የኮምፒዩተር ስሌቶችን አዘጋጀ።

አዲሱ ኤልቦ

የሰሪ ጣቢያ ቧንቧዎቹን ቀይሮ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የሆነው፣ ከአደጋው በላይ እንድንማርበት የሚያስገድድ ይመስለኛል። በሴፕቴምበር 1988 በዚያው ሁለተኛ ክፍል ምርመራ ሲደረግ፣ ከመጋቢ ፓምፖቹ በአንዱ መግቢያ ላይ በ1987 የተገጠመ አዲስ ኤልቦ፣ በ1.2 ዓመት ውስጥ ከግማሽ ኢንች ውፍረቱ 20 በመቶውን አጥቶ ተገኘ። ይህ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በዓመት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው ኤልቦ 11.5 ሚሊ ሜትር ያህል ያጣው በ13 ዓመት ገደማ ስለሆነ አማካዩ በዓመት 0.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱ በእጥፍ ፍጥነት እየተበላ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የመለኪያ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነው። አንድ ቧንቧ ከተገጠመበት ጊዜ ጀምሮ ያጣውን ውፍረት ለዓመታቱ አካፍለን «በዚህ ፍጥነት ገና 10 ዓመት ይቀረዋል» የምንለው ስሌት፣ ውሃው፣ ሙቀቱና ፍሰቱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ዓይነት እንደነበሩ፣ ወደ ፊትም እንደዚያው እንደሚቆዩ ይገምታል። የጣቢያ ኬሚስትሪ ግን ይለወጣል፤ አንዳንዴም በዓመቱ መካከል። አማካይ ፍጥነት ያለፈውን ይናገር ይሆናል፤ የዘንድሮውን ግን አይነግረንም። የዘንድሮውን ለማወቅ በዚያው ነጥብ ላይ፣ በተመሳሳይ መንገድ የተወሰዱ ሁለት ቅርብ ልኬቶች ያስፈልጋሉ። ለዚህም ነው ኤልቦው ላይ የመለኪያ ነጥቦች በመረብ መልክ በቋሚ ቀለም ተሥለው፣ ተቆጥረው፣ በየጊዜው እነዚያው ነጥቦች የሚለኩት።

ሌላው ሁሌ የሚረሳው የመነሻ ልኬት ነው። ከፋብሪካ የመጣ ቧንቧ በወረቀት ላይ ከተጻፈው ውፍረት እስከ 12.5 በመቶ ያህል ቢሳሳ በተለመደው መመዘኛ ይፈቀዳል። ኤልቦ ደግሞ ሲታጠፍ በውጭኛው ጎን ብረቱ ተለጥጦ ይሳሳል፤ በውስጠኛው ጎን ይወፍራል። ስለዚህ ከ5 ዓመት በኋላ በውጭኛው ጎን 11.5 ሚሊ ሜትር ያነበበ ሰው፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል ለማለትም ሆነ ምንም አልጠፋም ለማለት ማስረጃ የለውም። ኤልቦው ገና አዲስ ሳለ፣ የሙቀት መከላከያው ሳይለብስ፣ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ቢለካው ይህ ጥርጣሬ ባልነበረ።

ቧንቧውን ክሮሚየምና ሞሊብደነም ባለው ብረት መለወጥ ዘላቂው መፍትሔ ነው፤ ከመቶ 1.25 ወይም 2.25 ክሮሚየም ያለው ብረት በብዙ ጣቢያዎች የካርቦኑን ተክቷል። ብየዳው ቅድመ ሙቀት ስለሚፈልግ፣ ብዙ ጊዜም ከብየዳ በኋላ በሙቀት መታከም ስላለበት ሥራው ይከብዳል፤ ሆኖም ዋጋ አለው። እዚህም ላይ ግን አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ኤልቦው ብቻ በክሮሚየም ብረት ተለውጦ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ቀጥ ያለ ቧንቧ ካርቦን ሆኖ ሲቀር፣ ከኤልቦው የሚወጣው ውሃ ምንም ብረት ሳይቀበል ወደ ካርቦኑ ስለሚደርስ የካርቦኑ መጀመሪያ ከቀድሞው በበለጠ ፍጥነት ሊበላ ይችላል። የለወጥነውን ትተን ከለወጥነው ቀጥሎ ያለውን ብየዳ መለካት አለብን።

በአገራችንም በስኳር፣ በቢራና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ያሉ ቦይለሮች ኦክስጂኑ የወጣለትን ሙቅ ውሃ በካርቦን ብረት ቧንቧ ይቀበላሉ። ሙቀቱም ፍጥነቱም ከሰሪው ያነሰ በመሆኑ ጥቃቱ ይዘገያል እንጂ ኬሚስትሪው ያው ነው። ከመጋቢ ፓምፑ መውጫ ቀጥሎ ያለው ኤልቦ፣ ከመቆጣጠሪያ ቫልቭ በስተኋላ ያለው ቧንቧ፣ እንዲሁም ከቲ ጋር የተጠጋ መታጠፊያ ሁሉ መለካት ያለባቸው ናቸው፤ በእጅ የሚያዝ የአልትራሳውንድ ውፍረት መለኪያ ደግሞ ለአንድ ፋብሪካ የማይደረስበት መሣሪያ አይደለም።

ከሰሪ አደጋ 18 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. (ኦገስት 9 ቀን 2004)፣ በጃፓን ፉኩይ አውራጃ በሚሃማ ጣቢያ ሦስተኛ ክፍል በተመሳሳይ ዝገት ሌላ የውሃ ቧንቧ ተቀደደ፤ 5 ሰዎች ሞቱ፣ 6 ቆሰሉ። የዚያኛው ቧንቧ የሳሳው ለፍሰት መለኪያ ከተገጠመ ባለ ቀዳዳ የብረት ሳህን ቀጥሎ ባለው ክፍል ላይ ሲሆን፣ ውሃው 140 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም መሟሟቱ ከፍተኛ በሚሆንበት ሙቀት ላይ ነበር። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ እጅግ ሳስቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በጃፓንም እንዲህ ያሉ መስመሮች በመለኪያ ዝርዝር ይያዙ ነበር፤ ይህ ስፍራ ግን ጣቢያው በ1976 ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ከዝርዝሩ ተዘልሎ ኖሯል። መዘለሉ በመጨረሻ ታውቆ፣ ቧንቧው በሚቀጥለው መደበኛ ጥገና እንዲለካ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ጥገናው የሚጀምረው ኦገስት 14 ነበር፤ የሞቱት ሠራተኞች በአዳራሹ ውስጥ የተገኙትም ለዚሁ ጥገና ዕቃ ሲያዘጋጁ ነው።